የሦስተኛ «ለ» ሰማይ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። ሽፋኑ ላይ በእጇ «የትምህርት ዕቅድ» ብላ ጽፋበታለች። በየቀኑ ምን እንዳስተማርኩና ልጆቹ ምን እንደተማሩ እንድመዘግብበት ነው። የተማሩትን እነሱ ያውቁታል። እኔ የሆዴን እጽፍበታለሁ። ዕቅድ አገኛለሁ ብሎ የከፈተው ሰው ራሱን ይውቀስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህርት ናት። ሁለተኛ ልጇን ፀንሳ ሰባት ወር ሲሞላት ሐኪሙ «እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትነሺ» አላት። ርዕሰ መምህርቷ ምትክ ብትፈልግ ጠፋ። ልጄ ተኝታ እንዳለች አንገቷን ወደ እኔ አዞረች።

እኔ አርባ አንድ ዓመት የሱቅ ማስታወቂያ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመድኃኒት ቤት እባብ፣ የፀጉር ቤት መቀስ፣ የሥጋ ቤት በሬ። በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ ከቆሙት በሬዎች ግማሾቹ የእኔ ናቸው።

«አባዬ፣ ሁለት ወር ብቻ። የሦስተኛ «ለ» ሠላሳ ስምንት ልጆች ናቸው» አለችኝ።

«በሬ ይሻለኛል። ሲስሉት ዝም ይላል።»

«አባዬ!»

«እሺ በቃ፣ እሺ።»

ስወጣ አማቼ በር ላይ ጠበቀኝ። ልጄን ካገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ሲናደድ ደስ ስለሚለኝ እስካሁን «ሙሽራው» ነው የምለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ አትንገረው ብላኛለች፤ ግን ይወቁት» አለኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ሱፐርቫይዘር ይመጣል። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ይቀጥል ወይ ይታጠፍ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከታጠፈ የሥዕሉ ክፍል የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል፤ ልጄም ወልዳ ስትነሳ የምትመለስበት ሥራ አይኖራትም።

«አሁን ሁሉም እርስዎ እጅ ላይ ነው፣ አባባ።»

«አይዞህ ሙሽራው፤ እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም» አልኩት። እውነቴን ነው። እጄ ምንም አልሆነም።

ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት ነው ያለችኝ? እኔ አርባ ሦስት ቆጠርኩ። እየተሯሯጡ ሁለቴ ሳይቆጠሩ አልቀሩም።

ከመካከላቸው አንዷ የልጅ ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ። ያለ ክርክር ውሃ እንኳ ስለማትጠጣ «ጠበቃዬ» ነው የምላት። ትናንት ውል አስፈርማኛለች። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቲቸር» ልትለኝ፣ «አንቱ» ልትለኝ፣ እኔ ደግሞ ጉንጯን ላልቆነጥጥና እንደ ዘመድ ላላሾፍባት። አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ ነው ያስፈረመችኝ።

በሩን ስከፍት ከሁሉም ፊት ብድግ አለችና፣ «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር?» አለች።

«ደህና ነኝ፣ እመቤት። የማን ልጅ ነሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት ስንገባ የውሉን ሦስተኛ አንቀጽ እንደጣስኩ በጽሑፍ አሳወቀችኝ።

«ቲቸር፣ ምን መሳል ይችላሉ?» ብሎ የጠየቀኝ ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ልጅ ነው።

«በሬ።»

«ሌላስ?»

«በሌላ ጎኑ የቆመ በሬ።»

ይኸው ልጅ ቡሩሽ ሊያቀብለኝ ከኋላ ተነስቶ ሲመጣ የቆመው እኔን፣ ጠረጴዛዬንና የውሃውን ባልዲ ጠራርጎ ነው። ስሙን «ፍሬን የለሽ» ብዬዋለሁ። በጣም ደስ ብሎታል።

ሐሙስ

በችኮላ። የሥዕል ክፍሉ አምፖል ደካማ ነው። ቤት ያለውም ደካማ ነው፤ ሙሽራው ሦስት ጊዜ ቀየረልኝ፣ ሦስቱም ያው። የአምፖል ፋብሪካዎች ሰንፈዋል። የደብተር ሠሪዎችም መስመር አጥብበዋል፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ሁለቱን እየያዝኩ ነው፣ ያውም በወፍራሙ የማስታወቂያ እስክሪብቶ። በዚህ ዓይነት ደብተሩ ወር አይሞላውም።

ሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ ቀጥ ያለ መስመር አስተማርኩ። ዕቅዱ «በማስመሪያ» ይላል። ማስመሪያ ለጸሐፊ ነው። የኛ ሙያ ሰው ሲባጎውን የቀይ ጠመኔ ዱቄት ያስበላና በሁለት ጫፍ ወጥሮ መሐሉን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ጧ! እንደ ምላጭ የቀጠነ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። ልጆቹ አበዱ። ሰሌዳው ላይ ጧ፣ ወለሉ ላይ ጧ፣ በሩ ላይ ጧ።

በሩን አስቤ ቢሆን ጥሩ ነበር። አራት ልጆች ሲባጎውን በሩ ላይ ወጥረው ሲስቡት በሩ ተከፈተ፤ ርዕሰ መምህርቷ ገባች። ነጭ ኮት ለብሳለች። ጧ!

ይህች ሴት አቋሟ ቀጥ ያለ፣ አነጋገሯ ቀጥ ያለ፣ ሰላምታዋም ቀጥ ያለ ስለሆነ በልቤ «ማስመሪያ» ነው የምላት። አሁን ደግሞ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀይ መስመር ተሰመረባት።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀጥ ያለ መስመር ነው» አልኳት። «ሰሌዳው ላይ እንኳ እንዲህ አላማረም።»

ከንፈሯ ጫፉ ላይ ትንሽ ተጨማደደ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም፤ እሩቅ ነበረች። ጠበቃዬ ቤት ስንገባ «ሁለት እርምጃ ነበር የምትርቅህ፣ አባባ» አለችኝ። ይህች ልጅ ነገር ትቆጥራለች።

ረቡዕ

ቀለም ማዋሐድ። ሰማያዊና ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ በድፍረት አወጅኩ። ሁለቱን ቆርቆሮ ከፍቼ ገለበጥኩና አማሰልኩ። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ቲቸር፣ ጥቁር ነው የጨመሩት» አለች አንዷ።

ሰማያዊ ነበር፤ አሁንም ሰማያዊ ነበር እላለሁ። ፋብሪካው ሰማያዊ እያለ ጥቁር ቢሸጥ ምን ላድርግ? ላመነታም አልቻልኩም፤ ሠላሳ ስምንት ልጅ ያየኛል።

«ፈተና ነበር» አልኩ። «ማን እንደሚነቃ ለማየት ነው። ጎበዝ!»

ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳጠፋ፣ «ቲቸር፣ ፈተና ነው?» ይላሉ። እኔም «ፈተና ነው» እላለሁ። ዛሬ አራት ፈተና ፈትኛቸዋለሁ።

ልጄ ከአልጋዋ፣ «ዛሬ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ንቁ ልጆች ናቸው» አልኳት።

«ጫማህን ማን አሰረልህ?»

«እኔ ነኛ።»

«አንዱ ቡናማ ነው፣ አንዱ ጥቁር።»

«ፈተና ነው» ብላት አልሳቀችም።

ዓርብ

ዛሬ ልቤ ሞቅ ስላለ የሙያውን ትልቁን ምሥጢር ሰጠኋቸው። እንዲህ ብዬ።

«ወጣት ሳለሁ ለአንድ ልብስ ሰፊ ማስታወቂያ ስጽፍ የመጀመሪያው ፊደል ጠመመብኝ። ወደ ግራ ተጋድሞ እንደ ሰካራም። ሰውዬው ከሩቅ እየመጣ ነው፤ መጥረጊያ ጊዜ የለም። ምን አደረግኩ?»

«ሮጡ!» አለ ፍሬን የለሽ።

«አልሮጥኩም። ቀሪዎቹን ፊደሎች በሙሉ እንደዚያው አጋደምኳቸው። ሰውዬው ደርሶ ትኩር ብሎ አየና፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። «አሁን የመጣ ስታይል ነው» አልኩት። በወሩ መንገዱ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የተጋደመ ካልሠራህልን አሉ። ስለዚህ አንዱ ነገር ከተበላሸባችሁ አትፋቁት። ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ ቀይሩት። ያኔ የተበላሸው የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

ጠበቃዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይኼ ውሸት አይደለም?»

«አይደለም» አልኳት። «ዲዛይን ነው።»

ጻፈችው። ቃል በቃል ጻፈችው።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ኮሪደሩ ላይ ማስመሪያን ሰላም አልኳት፤ ስለ ኮቷም ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በረጅሙ። ዝም አለችኝ። ቂመኛ ናት ብዬ አለፍኩ።

ከኋላዬ ሁለት ልጆች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ቲቸር ለምንድን ነው ካፖርቱን ያናገሩት?»

«ዝም በል። ፈተና ይሆናል።»

መስቀያ ኮሪደር ላይ የሚሰቅል ማን ነው?

ሐሙስ

ፍሬን የለሽ የጓደኛውን ወረቀት ጥግ ላይ ዝንብ ሳለበት። ባለ ወረቀቱ ጮኸ። ጨርቄን ይዤ ዝንቡን ልጠርግ ስል እጄ መንገድ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ አውቃለሁ፤ እጽፈዋለሁና ይወጣልኝ።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ሥራ ቦታዬ ይዣት እሄድ ነበር። አንድ ቀን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ጨርሼ፣ ባለቤቱ ሊረከበኝ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ እጄን ልታጠብ ዞር አልኩ። ስመለስ ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ በተረፈው ቢጫ ቀለም፣ ዳክዬ ስላበታለች። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ዳክዬ ነበረች። እኔ ግን ጨርቁን ቤንዚን ነክሬ ጠረግኳት። «ሥራ ነው ይኼ፣ ጨዋታ አይደለም» አልኳት። አላለቀሰችም። ቢያለቅሱ ይቀላል።

ሃያ ሰባት ዓመት አለፈው። ረስታዋለች። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች?

ዝንቡን ተውኩት። ባለ ወረቀቱን፣ «ዕድለኛ ነህ፤ ሥዕልህ ስለጣፈጠ ነው ዝንብ ያረፈበት» አልኩት። ከዚያ ሁሉም የኛም ወረቀት ላይ ዝንብ ካልሳልክልን ብለው ፍሬን የለሽን ከበቡት። ሠላሳ ስምንት ዝንብ።

ማክሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ። ማስመሪያ ጠራችኝ። (በእርግጥ እሷ መሆኗን እስክትናገር ጠበቅኩ።)

«ጋሼ፣ በወረቀት ብቻ አናሳምነውም። በግቢው ውስጥ ያለውን ትልቁን ግድግዳ ልጆቹ ይሳሉበት። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ለልጄ ስነግራት አልጋዋ ላይ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ወረቀት አምጡልኝ አለችና በእርሳስ ነደፈችው። ሰፊ ሰማይ፣ ከሥሩ ሣር፣ ዛፎች፣ አንዲት ላም፣ የሚሮጡ ልጆች። «ሰማዩን አንተ ቀባው፣ አባዬ፤ መሰላል ስለሚያስፈልገው። ሌላውን እነሱ ይሥሩት።»

«ላሟ በሬ ብትሆንስ?»

«ላም ናት!»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «አባዬ፣ ይኼ ግድግዳ...» አለችና ተወችው። አልጠየቅኳትም። ሙሽራው የነገረኝን እንዳላወቅሁ ሆኜ፣ «ሰማይ ለኔ ምንድን ነው? በአንድ ሮለር ነው የምጨርሰው» አልኳት።

ደብተሩ ሊያልቅ ነው።

ሐሙስ

ሰማዩን ቀባሁ! ከመሰላሉ አልወርድም ብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ክፍተት ሳልተው። እጄ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር።

ጠዋት መጋዘን ገብቼ ትልቁን ቆርቆሮ ራሴ ነው ያወጣሁት። ጽሑፉን የሚያነብልኝ አላስፈለገኝም፤ አርባ አንድ ዓመት ቀለም አሽትቼ ነው የማውቀው። ክዳኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሮለር ስጎትት ከታች ያሉት ልጆች ፀጥ አሉ። በአድናቆት ነው።

«ቲቸር» አለች ጠበቃዬ፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። «ይኼ ፈተና ነው?»

«ምን ፈተና? ሰማይ ነው! አያምርም?»

ፍሬን የለሽ፣ «ግን እኮ ሰማዩ አረ—» ብሎ ጀመረና «ወይኔ እግሬን!» ብሎ ጮኸ። አንዷ ረግጣዋለች። ከዚያ ጠበቃዬ ሁሉንም ሰብስባ ቧንቧው ጋ ስብሰባ ያዘች። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ እጅ ሲያወጡ ይታየኛል። ድምፅ እየሰጡ ነው።

ተመልሳ መጥታ ከሥሬ ቆመች። «ቲቸር፣ አንዱ ከተበላሸ ሌላውን በእሱ ልክ ቀይሩ ብለው የለ?»

«ብያለሁ።»

«ለሥዕልም ይሠራል?»

«ለሥዕል፣ ለልብስ ስፌት፣ ለትዳርም ይሠራል።»

«እሺ» አለች። «ከነገ ጀምሮ እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሌላውን እኛ ነን የምንጨርሰው።»

ይህን የመሰለ አክብሮት ከማን ተማሩ?

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ በሬዎቼ አወራላቸዋለሁ፤ እነሱ ይቀባሉ። ቀለሙን ራሳቸው ያዋሕዳሉ። «ላየው» ስል ክዳኑን ይከድኑታል። ከርቀት ሳየው ሣሩ ጠቆር ብሎ አረንጓዴ ነው፤ ላሚቱ ቡናማ፤ ደህና ሥራ ነው። እርግጥ ቀለሙ ሁሉ ትንሽ አፈር አፈር ይላል። አቧራ ነው።

ማስመሪያ መጣች። ግድግዳው ፊት ቆማ ብዙ ቆየች።

«ጋሼ፣ ሰማዩ... ደፋር ነው።»

«አመሰግናለሁ። ልምድ ነው።»

ልጆቹን አየች። ልጆቹ እሷን አዩ። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ገባች። በኋላ በቢሮዋ በኩል ሳልፍ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አይ፣ እስኪያልፍ ለጋሼ አይነገራቸው። ልጆቹ እንዴት አድርገው እንደያዙት ብታዪ... አዎ፣ ከዚያ አንቺ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ስጦታ ሊሰጡኝ ነው። ሳላውቅ ልጠብቅ። ሰዓት ባይሆን ደስ ይለኛል፤ የዘንድሮ ሰዓቶች ቁጥራቸው አይታይም።

ሐሙስ፣ ሰባተኛ ሳምንት

አለፈ! በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ቦርሳ ያነገበ፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል። እኔ ክራቫት አድርጌያለሁ። ሰውዬው ቆሞ አየ፣ ራቀ፣ ቀረበ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ አንዷን ትንሽ ልጅ ጠየቃት።

«ሰማዩ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

እኔ ደነገጥኩ። ይሄ ምስኪን! ሰማያዊውን አረንጓዴ አለው። ልጅቷ ግን ቅንጣት አልሳቀችበትም።

«የኛ ሰማይ ስለሆነ ነው» አለችው።

«ሣሩስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ሰማዩ አረንጓዴውን ስለወሰደበት» አለ ፍሬን የለሽ። «የቀረው ሰማያዊው ብቻ ነበር።»

«ላሚቱስ? ሐምራዊ ላም የት አለ?»

«ሰማያዊ ሣር እየበላች ሌላ ምን ትሁን?» አለች ጠበቃዬ። «ሌላ ቀለም ብትሆን ነበር የሚገርመው።»

ሰውዬው ሊስቅ ሲል አፉን በደብተሩ ጋረደ። «ይህን ያሰበው ማን ነው?»

ሠላሳ ስምንቱም በአንድ ጣት ወደ እኔ ጠቆሙ። «ቲቸር ናቸው! አንዱ ከተቀየረ ሌላው በእሱ ልክ ይቀየራል ብለው አስተምረውናል!»

«ምን ይባላል ይህ?» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

ምን ልበል? ልሟገተው? የሰው ዓይን ደክሞ ያየውን ሲናገር ፊት ለፊት ማዋረድ አይገባም። ልጆቹ እንኳ እንግዳውን ላለማሳፈር ሣሩንም ሰማያዊ፣ ላሚቱንም ሐምራዊ ብለው ተቀብለውታል። እኔም ደገፍኳቸው።

«ዲዛይን ይባላል፣ ጌታዬ» አልኩት።

ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ሲሄድ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እኔም ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ አትደብቀው፤ ዓይንህን በጊዜ ታየው» አልኩት። ማስመሪያ ድንገት ሳል ያዛት።

የሰውን ጉድለት እንዲህ በዘዴ የሚሸፍኑ ልጆች አይቼ አላውቅም። ኮራሁባቸው።

ያው ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ቤት ስመጣ መንገድ ላይ ቆሜ ሰማዩን፣ የላይኛውን ማለቴ ነው፣ አየሁት። ደመና የለም። ግን ሰማያዊ አይደለም። የሻይ ቀለም ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደዚህ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

ጠበቃዬ እጄን ይዛ ነበር። ጠርዝ ስንደርስ «ደረጃ» ትለኛለች፣ ጉድጓድ ስንደርስ «በግራ»። ለካ ስትለኝ ወራት ሆኗታል።

እንቅልፍ ነው። ደክሞኛል።

ቅዳሜ

ወለደች! ወንድ። አገጩ የኔ ነው፣ ድምፁ የጠበቃዬ። ልቀፈው ብዬ እጄን ስዘረጋ ልጄ ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«መጀመሪያ ጠበቃህ ክስ ታነባለች» አለች።

ጠበቃዬ ወረቀት ዘረጋች። «ክስ አንድ፣ ሁለት ዓይነት ጫማ። ክስ ሁለት፣ ካፖርት ማናገር። ክስ ሦስት፣ ደህና ሦስት አምፖል ማስጣል። ክስ አራት...» እዚህ ላይ ድምፅዋ ወረደ። «ክስ አራት፣ ሰማዩን አረንጓዴ መቀባት።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ሳቅኩ፤ ብቻዬን ስስቅ ግን አያስደስትም።

«ሱፐርቫይዘሩ ነው አረንጓዴ ያለው» አልኩ።

«አረንጓዴ ነው፣ አባባ። ቆርቆሮው ላይም ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ዓይንህ እንደማያይ ካወቁ ያስወጡሃል። ከዚያ ሥዕል ይቀራል። ከዚያ እማዬ...» አልጨረሰችውም። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ይህን ሁሉ እየተሸከመች ነበር ለካ ጧት ጧት «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር» የምትለኝ።

ሙሽራው አምፖሎቹን የት እንዳስቀመጣቸው ለማሳየት ሄደ። መሄጃ ሲያጣ ነው።

«ዓይንህን ካልታየህ ልጄን አታቅፍም» አለች ልጄ።

«ይኼ ማስፈራሪያ ነው።»

«ዲዛይን ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ

ሐኪሙ በትንሽ መብራት አየና፣ የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ፣ በስሎ በስሎ ያለፈ ነው አለኝ። «ለምን እስካሁን ቆዩ?»

«ሥራ በዝቶብኝ።»

«ምንድን ነው ሥራዎ?»

«ቀለም» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

የቀኙ ሰኞ ይሠራል። አልፈራሁም። ትንሽ ነው የፈራሁት። የፈራሁት ግን ቀዶ ጥገናውን አይደለም፤ ጨርቁ ሲነሳ የማየውን ነው። እስካሁን የፃፍኳቸው ማስታወቂያዎች፣ ባለፉት አራት አምስት ዓመታት የሳልኳቸው በሬዎች... ስንቱ ሐምራዊ ነው? ሰዉ ሁሉ በይሉኝታ ዝም ብሎኝ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጨርቁ ከተነሳ በኋላ

አምፖሉ ምንም አልነበረበትም። ሙሽራውን ይቅርታ ጠየቅኩት። በስሙ ጠራሁት፤ ደነገጠና «ምን ሆኑ፣ አባባ?» አለኝ። ወደ ሙሽራው መለስኩት።

መስታወት ውስጥ አንድ የተጨማደደ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላም ብዬው አለፍኩ፤ ካፖርት አለመሆኑን አረጋግጬ።

የልጅ ልጄን አቀፍኩት። አገጩ የኔ አይደለም፤ የሙሽራው ነው። ይህን ለማየት ነው እንግዲህ ዓይኔን ያስቀደድኩት።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገልብጬ አየሁ። አንድ ገጽ ላይ አራት መስመር! እንደ ሱቅ ማስታወቂያ። ከመንገድ ማዶ ይነበባል። አሁን በቀጭን እስክሪብቶ ነው የምጽፈው።

ለሱፐርቫይዘሩ የይቅርታ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ዓይኑ ደህና ነው።

ሐሙስ

ጠበቃዬ እጄን ይዛ ወደ ግቢው ወሰደችኝ። «ዓይንህን ጨፍን» አለች። ጨፈንኩ። «አሁን ግለጥ።»

ሰማዩ አረንጓዴ ነው። እንደ አዲስ ቅጠል አረንጓዴ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ክፍተት ሳይኖረው፤ በደንብ ነው የቀባሁት። ከሥሩ ሣሩ ሰማያዊ ነው። ዛፎቹ ቀይ። ላሚቱ ሐምራዊ ሆና ሰማያዊ ሣር ታኝካለች፤ ዓይኗ ላይ ዝንብ አለ። የሚሮጡት ልጆች ፊት ብርቱካናማና ቢጫ ነው፤ ጥላቸው ነጭ። ሁሉም ነገር ከቦታው ለቋል፤ ስለዚህ ምንም ነገር ከቦታው አልለቀቀም። ሰማዬን ብቻዋን ስህተት አድርገው አልተዋትም። ሠላሳ ስምንት ሆነው ዓለሙን በሙሉ በእሷ ልክ ቀየሩላት።

«ስንት ቀን ፈጀባችሁ?»

«ስምንት። ዛፎቹን ሁለቴ ነው የቀባናቸው። ፍሬን የለሽ ረስቶ አረንጓዴ ቀብቶ ነበር፤ አለቀሰ።»

ልመልስላት ስል ከታች በስተቀኝ ጥግ፣ የውሃ መውረጃው አጠገብ፣ አንድ ቢጫ ነገር አየሁ። ጎንበስ አልኩ። ዳክዬ ናት።

«ይህቺን ማን ሳላት?»

«እማዬ ናት። አልጋ ላይ ሆና በወረቀት ስላ ሰጠችኝ። «ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ገልብጪልኝ፤ አያትሽ አሁን አያያትም» አለችኝ። ሁሉም ነገር ሲቀየር እሷን ግን ቢጫ አድርጊያት አለች።»

ቤንዚን አልጠየቅኩም። ዞር ብዬ ተናፈጥኩ። አዲስ የተሠራ ዓይን ውሃ ያበዛል፤ ሐኪሙም ብሏል።

ሰኞ፣ አዲሱ ወሰነ ትምህርት

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ። ውሳኔው በደብዳቤ መጥቷል፤ ሥዕል ይቀጥላል፣ ክፍሉም የሥዕል ነው፣ ልጄም ዕረፍቷን ስትጨርስ ትመለሳለች። የተሰበሩት ወንበሮች ሌላ ቤት ይፈልጉ። ማስመሪያ ሁለተኛውን ግድግዳ ፈቀደች፤ ኮቷን አውልቃ ነው የመጣችው።

ልጄ ሕፃኑን አዝላ ልታይ መጣች። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየች፤ መጨረሻ ላይ ጥጉ ላይ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

«አየሃት?» አለችኝ።

«አየኋት። ጥሩ ዳክዬ ናት። ያን ጊዜም ጥሩ ነበረች።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀብህ።»

«አምፖሉ ደካማ ነበር» አልኳት።

ትከሻዬን በትከሻዋ ገጨችኝ። ሕፃኑ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ላሚቱን ያያል።

ልጆቹ መሰላሉን ለአዲሱ ግድግዳ አቁመዋል። ወጣሁ። ከሥሬ ሁለት ቆርቆሮ ተደርድሯል፤ ከላይ ሆኜ የሁለቱንም ጽሑፍ አነበብኩ፣ ትንንሾቹን ፊደሎች ጭምር። ጠበቃዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ቲቸር፣ ለሰማዩ የቱን ላቀብልዎ?»

ሠላሳ ስምንቱም ቡሩሻቸውን ይዘው ጠጋ አሉ።

«አረንጓዴውን» አልኳት።